አጣና ግፊት አይሸከምም፦ ስለ ግድግዳ ፎርም ለጅማ ወጣት አናጢዎች

ይድረስ ለወጣት አናጢዎች፣

ፎርም (አርማታ የሚሞላበት የእንጨት ቅርጽ) ሲያብጥ ወይም ሲፈነዳ የሚወቀሰው ፕላይውዱ ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የማሰሪያው ነው። ከውጭ የምትደግፉት የባህር ዛፍ አጣና ግድግዳውን በቱንቢ ያቆመዋል እንጂ የአርማታውን ግፊት አይችልም። ግፊቱን የሚይዘው ሁለቱን ገጽ እርስ በርስ የሚያስረው ብረት ነው።

ያልረጋ አርማታ እንደ ውሃ ወደ ጎን ይገፋል፤ ክብደቱ ግን ከውሃ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። 2.4 ሜትር በአንዴ ከሞላችሁ ግርጌው ላይ በካሬ ሜትር ወደ 6 ቶን ይገፋል፤ 1.2 ሜትር ከሆነ ወደ 3 ቶን። ስለዚህ ራሳችሁ በሠራችሁት ፎርም በሁለት ዙር ሙሉ እላለሁ።

18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ (122 በ244 ሳንቲ ሜትር) አጋድሙት። ከጀርባው 5 በ7 ሳንቲ ሜትር ሙራሌ (የተሰነጠቀ ረጅም እንጨት) በጠባብ ጎኑ አቁማችሁ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ምቱ፤ ለአንድ ፓኔል 9 ይበቃል። የፕላይውዱ የላይ እንጨት ጭረት ሙራሌውን ማቋረጥ አለበት፤ ቀጥታ ከሙራሌው ጋር ከሄደ ቶሎ ይጎብጣል። በላዩ ጥንድ ጥንድ አግዳሚ ሙራሌ ከግርጌ በ20፣ በ65 እና በ105 ሳንቲ ሜትር ላይ አስሩ።

ማሰሪያው ጥርስ የወጣለት 12 ሚሊ ሜትር ብረት በየ60 ሳንቲ ሜትሩ በጥንዱ መሃል ያልፋል፤ ሰፊ ላሜራ ሮንዴላና ዳዶ (ጥርሱ ላይ የሚጠብቀው) በሁለቱም ጫፍ። ለ20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ 20 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ የፒቪሲ ቱቦ አልብሱት፤ ውፍረቱን ይጠብቃል፣ ብረቱም ተመልሶ ይወጣል። የታችኛው ረድፍ እያንዳንዱ ማሰሪያ 600 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ጥቁር ሽቦ ጠምዝዞ ይህን ማመን ድፍረት ነው፤ ባይበጠስ እንኳ ይለጠጣል። ለውሃ ጋን ግን ቱቦ አታሳልፉ፣ ቀዳዳው ያፈሳል።

ክረምት ላይ የጅማ ቀይ አፈር ሲርስ የአጣናው እግር ይሰምጣል። ከሥሩ ጣውላ አንጥፉ፣ ካስማም ምቱ። እርጥብ አጣና ሲደርቅ ይጣመማል፤ የቆረጣችሁ ቀን አትጠቀሙበት።

ፕላይውዱን ፌሮ (ግድግዳው ውስጥ የሚቀረው ብረት) ከመግባቱ በፊት በስሱ ዘይት ቀቡ። ፌሮው ዘይት ከነካው አርማታ አይይዘውም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ርካሽ ነው፣ ግን ግድግዳውን ያጠቁራል፣ ልስንም አያስይዝም። ፓኔሎቹ የተጋጠሙበትን ክፍተት ድፈኑ፤ የሲሚንቶው ውሃ ከሾለከ ጠጠሩ ብቻውን ይቀራል።

አርማታውን በ40 ሳንቲ ሜትር ንብርብር፣ ዙሪያውን እያዳረሳችሁ ሙሉ። ቫይብሬተሩ ከሥር ንብርብር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይግባ፤ ከዚያ በላይ ከጠለቀ ሊረጋ የጀመረውን መልሶ ያቀልጠውና ግፊቱ ይጨምራል። በብርድ አርማታ ቀስ ብሎ ይረጋል፣ ግፊቱም ይቆያል፤ ስለዚህ በሰዓት ከ1 ሜትር አትብለጡ። አንድ ሰው ሥራው ዳዶና ቱንቢ ማየት ብቻ ይሁን።

ፎርሙን ቢያንስ በማግስቱ፣ በክረምት ከሁለት ቀን በኋላ ፍቱ፤ ግድግዳውን 7 ቀን ውሃ አጠጡት። ፕላይውዱን ወዲያው ጠርጉ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ቀለም ቀቡ፣ ጥላ ሥር አጋድማችሁ ደርድሩት። ጠርዙ ውሃ የጠጣ ፕላይውድ ከሁለትና ሦስት ሙሊት በኋላ ይላቀቃል።