ስለ ሜሪላንድ ምክር ቤት የገባችሁንም ያልገባችሁንም ጠይቁ፦ ጥያቄና መልስ

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሜሪላንድ ግዛት ምክር ቤት በሚቀመጥበት በአናፖሊስ ረቂቅ ሕጎችን ስከታተልና ኮሚቴ ፊት እየቀረብኩ ስናገር ዓመታት ያለፉኝ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የፓርቲ ተቀጣሪም አይደለሁም። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ የምርጫ ወረዳችሁን ቁጥር ሳታውቁ አትምጡ። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን ስታስገቡ ሴናተራችሁና ተወካዮቻችሁ ከነስልካቸው ይወጣሉ። ሁለተኛ፣ ዜግነት ያልወሰደ ሰው በመራጭነት አይመዝገብ። መንጃ ፈቃድ ስታሳድሱ ሠራተኛው ቢጠይቃችሁ እንኳ "አልመዘገብም" በሉ።

የዊተን ነዋሪ፦ ምክር ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚሠራው?

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ 90 ቀን ብቻ ነው። ከጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ እስከ ኤፕሪል። 47 ሴናተሮችና 141 ተወካዮች አሉ፤ ሁሉም የሚመረጡት በየአራት ዓመቱ ነው። የሚቀጥለው ምርጫ ኖቬምበር 2026 ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ የቤት ኪራያችን በየዓመቱ ይጨምራል። ሰብሰብ ብለን አናፖሊስ ሄደን ብንጮህ ይሰማናል?

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ እህቴ፣ ጩኸቱ ወዴት መሄድ እንዳለበት አስቀድመን እንለይ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪ ከሆኑ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ የወጣው በካውንቲው ምክር ቤት ነው፤ ሮክቪል የሚቀመጡት 11 አባላት በ2023 ያጸደቁት ሕግ ነው። ጭማሪው ከዋጋ ግሽበቱ በላይ 3 በመቶ፣ ቢበዛ ደግሞ 6 በመቶ ነው። ከ23 ዓመት ያነሰ ዕድሜ ያላቸው ሕንጻዎች ግን በጣሪያው አይገደዱም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የሕንጻችሁን ዕድሜ አጣሩ።

አናፖሊስ የሚወሰነው ሌላ ነው። ለምሳሌ የመያዣ ገንዘብ። አከራይ ቀድሞ የሁለት ወር ኪራይ በመያዣነት መጠየቅ ይችል ነበር፤ ግዛቱ በ2024 ባወጣው ሕግ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአብዛኛው ከአንድ ወር እንዳይበልጥ ተደርጓል። ይህን የማያውቅ ወገናችን ዛሬም ሁለት ወር እየከፈለ ይገባል። ሌላው ደግሞ አከራዩ ያለ በቂ ምክንያት "ውል አላድስም፣ ውጡ" እንዳይል ካውንቲዎች ሕግ እንዲያወጡ የሚፈቅደው ረቂቅ ነው። በ2024 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ በሴኔት ቀረ። ሴኔት ውስጥ ተዳፍኖ ሲቀር የእናንተ ሴናተር ምን አቋም እንደነበረው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ለተወካዩ ደውላችሁ ለሴናተሩ ካልደወላችሁ ግማሹን ሥራ ነው የሠራችሁት።

ታዛቢ፦ መንግሥት ለሐበሻ ምን አድርጎለታል?

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ የትኛው መንግሥት? የፌዴራሉ፣ የግዛቱ፣ የካውንቲው? ለየትኛው ጉዳይ? እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም።

የጀርመንታውን ልጅ፦ በአንድ ረቂቅ ሕግ ላይ ምስክርነት መስጠት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? እንግሊዝኛዬም እንደነገሩ ነው።

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው። ሜሪላንድ በዚህ በኩል ከብዙ ግዛቶች ትሻላለች፤ በሌሎች ቦታዎች ረቂቁ ማንም ሳይሰማው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ረቂቅ ማለት ይቻላል በመነጨበት ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት የሕዝብ አስተያየት ይሰማበታል። ያንን ቀን ካመለጣችሁ ግን ጉዳዩ አልፏችኋል።

በመጀመሪያ የረቂቁን ቁጥር ያዙ። ከዚያ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ መለያ ክፈቱና ረቂቁን ከሚከታተሏቸው ዝርዝር ውስጥ አስገቡት፤ ቀን ሲቆረጥለት ታያላችሁ። ከረቂቁ ጎን "የበጀትና የፖሊሲ ማስታወሻ" የሚባል ሰነድ አለ። የምክር ቤቱ ባለሙያዎች የሚያዘጋጁት ነው፤ አሁን ያለው ሕግ ምን እንደሚል፣ ረቂቁ ምን እንደሚለውጥ፣ ምን ያህል ወጪ እንደሚያስከትል በቀላል ቋንቋ ያስረዳል። እኔ ረቂቁን የማነበው ከእሱ በኋላ ነው። ሕግ ያልተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ደስ ይለኛል።

ለመናገር የሚመዘገቡት ከአስተያየት መስሚያው መድረክ አስቀድሞ በዚያው ድረ ገጽ ነው። የምዝገባው ሰዓት አጭር ስለሆነ የኮሚቴውን መመሪያ ቀድማችሁ አንብቡ። ስትመዘገቡ ደጋፊ ናችሁ፣ ተቃዋሚ፣ ወይስ "ከማሻሻያ ጋር እደግፋለሁ" የምትሉ? አንዱን ትመርጣላችሁ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል እንጂ ኮሚቴውን የሚያነጋግረው እሱ ነው፤ የትኛው አንቀጽ ቢስተካከል እንደሚስማማችሁ ትነግሯቸዋላችሁና።

አሁን ስለ ንግግሩ። ብዙውን ጊዜ የሚሰጣችሁ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሰው ከበዛ ሰብሳቢው ያሳጥረዋል። መድረኩ የሚጀመረው ከቀትር በኋላ ነው፤ ተራችሁ እስኪደርስ ግን ሊመሽ ይችላል። ወገኖቻችን ሲቀርቡ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፤ ከሰብሳቢው ጀምሮ ለአባላቱ ሁሉ ምስጋናና ሰላምታ ሲያቀርቡ፣ ከየት አገር እንደመጡና ለምን ያህል ዓመት እንደኖሩ ሲናገሩ ሰዓቱ ያልቃል። ጉዳዩ ሳይነሳ ማይክሮፎኑ ይዘጋል። ጨዋነታችንን የማይወድ የለም፤ እዚያ ግን አክብሮት ማለት ሰዓት ማክበር ነው። እንዲህ በሉ፦ "ስሜ እከሌ ይባላል። የ20ኛው ወረዳ ነዋሪ ነኝ። ይህን ረቂቅ እደግፋለሁ። ባለፈው ዓመት አከራዬ ያለ ምክንያት ውሌን ሳያድስ ቀረ፤ ልጆቼ በትምህርት ዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ቀየሩ። ረቂቁ ሕግ ሆኖ ቢሆን ይህ አይደርስብንም ነበር። አመሰግናለሁ።" በዚህ ይበቃል፤ በእናንተ ላይ የደረሰውን ማንም ባለሙያ ሊነግራቸው አይችልም።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ በጽሑፍ ያዘጋጁትን ያስገቡ፤ የጽሑፍ ምስክርነትም የመዝገቡ አካል ነው። አስተርጓሚ ከፈለጉ የኮሚቴውን ጽሕፈት ቤት ቀደም ብለው ይጠይቁ። በዕለቱ ደርሰው "አስተርጓሚ የለም ወይ?" ማለት አይጠቅምም።

የታኮማ ፓርክ ሰው፦ "ዜጋ ያልሆነ አይመዝገብ" ማለትህ ልክ አይደለም። እኔ በግሪን ካርድ ከተማችን ውስጥ ድምፅ ሰጥቻለሁ፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተፈቀደ ነው።

የቤተሰብ ኃላፊ፦ ወንድሜ፣ እንዲህ ስትል የሰማ ሌላው ደግሞ ለፕሬዚዳንት ሊመርጥ ይሄዳል። የማውቀው ሰው በስህተት ተመዝግቦ ዜግነቱ ሲዘገይበት አይቻለሁ።

የታኮማ ፓርክ ሰው፦ የከተማችን መብት ነው የነገርኳችሁ። ለምን እንደብቀዋለን?

የቤተሰብ ኃላፊ፦ መደበቅ ሳይሆን መለየት ነው።

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ ሁለታችሁም ያላችሁት እውነት ነው፤ ግን አንድ ላይ አትደባልቁት። በታኮማ ፓርክ የከተማ ምርጫ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው መዝገብ ተመዝግቦ ይመርጣል። ለግዛቱ ምክር ቤት፣ ለገዥው፣ ለኮንግረስ ለሚደረገው ምርጫ ግን በፍጹም። የዜግነት ማመልከቻው ተመዝግባችሁ ወይም መርጣችሁ እንደምታውቁ ይጠይቃል፤ በከተማው ምርጫ የተሳተፈ ሰው ማመልከቻውን ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። በድጋሚ እላለሁ፦ ዜጋ ካልሆናችሁ በግዛቱ መዝገብ አትመዝገቡ።

ይህ ማለት ግን አፋችሁን ያዙ ማለት አይደለም። ኮሚቴ ፊት ለመናገር፣ ለተወካይ ለመጻፍ፣ ቢሮው ሄዶ ለማነጋገር ማንም ፓስፖርት አይጠይቅም። ለእጩ ያለ ክፍያ በበጎ ፈቃድ ማገልገልም ይቻላል። ገንዘብ ማዋጣት ግን ልዩነት አለው፤ ግሪን ካርድ ያለው ማዋጣት ይችላል፤ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌለው አንድ ዶላር እንዳይሰጥ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል።

የአሌክሳንድሪያው፦ እኛ ቨርጂኒያ ያለነውስ?

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ የእናንተ ምክር ቤት ሪችመንድ ነው፤ 40 ሴናተርና 100 ተወካይ። ምርጫችሁ በጎዶሎ ዓመታት ነው። ከዚህ በላይ የሚያውቅ የቨርጂኒያ ሰው ይንገራችሁ።

የጆርጂያ ጎዳና፦ ዲሲስ?

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ ዲሲ ግዛት አይደለችም፤ 13 አባላት ያሉት የራሷ ምክር ቤት አላት። በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አላት፤ በእሱ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ተጠቀሙበት።

አገር ወዳድ፦ ስለ አገራችን ሁኔታ የሜሪላንድ ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብ እንዲያወጣ ለምን አንጠይቅም? ኮንግረስ በ2018 ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ውሳኔ ቁጥር 128ን አሳልፎ አልነበረም ወይ?

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ እሱ የፌዴራሉ የተወካዮች ምክር ቤት ነው። የውጭ ጉዳይ የአናፖሊስ ሥልጣን አይደለም፤ የግዛቱ ምክር ቤት ቢያወጣው እንኳ ማንንም የማያስገድድ ወረቀት ነው።

ሌላ አባል፦ ያ ውሳኔ ማንን ጠቀመ? አገሪቱን ያጠለሸ ነበር።

አገር ወዳድ፦ አንተ ያኔ ከማን ጋር እንደነበርክ እናውቃለን።

ሌላ አባል፦ እናንተ ደግሞ...

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ እባካችሁ፣ እዚህ ላይ ይብቃ። በየሰልፉ በሺህ የሚቆጠር ወገን ስናይ ኖረናል። የዚያ አሥረኛው ለቤት ኪራዩና ለሕፃናት መዋያው ጉዳይ አናፖሊስ ቢመጣ የኮሚቴው አዳራሽ ይሞላል። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

የኋይት ኦክ ነዋሪ፦ ይቅርታ፣ ተወካዬ ማን እንደሆነ እንዴት ነው የማውቀው?

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። አድራሻ፣ ድረ ገጽ።

ወጣቷ መራጭ፦ ስመዘገብ ፓርቲ አልመረጥኩም፤ ከፖለቲካው መራቅ ፈልጌ ነው። ችግር አለው?

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ አለው እህቴ፤ ይህን ደግሞ በደንብ ስሚኝ። ሜሪላንድ ውስጥ የፓርቲ ቅድመ ምርጫ ዝግ ነው፤ ለግዛቱ ምክር ቤት እጩ የሚለየው የዚያ ፓርቲ ተመዝጋቢ ብቻ ነው። እኛ በምንኖርበት አካባቢ ደግሞ በአብዛኛው ወረዳ ፉክክሩ የሚያልቀው በዲሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ነው። ኖቬምበር ላይ የምትመርጪው ሌሎች በቅድመ ምርጫው የመረጡልሽን ነው። የትኛው ፓርቲ ይሻላል አልልሽም፤ የምዝገባው ጊዜ ሳያልፍ መለወጥ እንደሚቻል ግን እወቂ።

ከዚህም የባሰ ችላ የምንለው አለ፤ የፓርቲው የካውንቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ። አባላቱ የሚመረጡት በዚያው ቅድመ ምርጫ፣ ከወረቀቱ ግርጌ፣ ማንም በማያነበው ቦታ ላይ ነው። አንድ ተወካይ ወይም ሴናተር ወንበሩን ሲለቅ ግን ተተኪውን የሚያቀርበው ይህ ኮሚቴ ነው፤ ገዥው ይሾመዋል። ሩቅ ሳንሄድ የ20ኛውን ወረዳ እዩ። የወረዳው የግዛት ሴናተር የነበረው ጄሚ ራስኪን በ2016 ለኮንግረስ ሲመረጥ የሴኔት ወንበሩ ክፍት ሆነ። ተወካይ የነበረው ዊል ስሚዝ ወደ ሴኔት ተዛወረ፤ በእሱ የተወካይነት ቦታ ደግሞ ጃኒል ዊልኪንስ ገባች። ሁለቱም የተተኩት በማዕከላዊ ኮሚቴው አማካይነት ነው፤ ሕዝቡ ድምፅ የሰጠባቸው በኋላ፣ በ2018 ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ይህን ያህል ሕዝብ ይዘን በዚያ ኮሚቴ ውስጥ ማን እንዳለ እንኳ የማናውቅ መሆናችን ያስቆጨኛል። የኮሚቴው አባል ለመሆን መወዳደር ለምክር ቤት ከመወዳደር በብዙ ይቀላል። ጊዜ ያላችሁ ወጣቶች አስቡበት።

ጋሼ ሾፌር፦ ልጄ፣ እኔ በመተግበሪያ ነው የምነዳው። ያለ ምክንያት ሥራዬን ዘጉብኝ። ሕግ የለም ወይ?

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ ጋሼ፣ በግዛቱ ይህን አገልግሎት የሚቆጣጠረው የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ነው፤ የሞንትጎመሪን ታክሲዎች ግን የሚቆጣጠረው ካውንቲው ነው። አቤቱታዎን ለእነሱ በጽሑፍ ያስገቡ፣ ቅጂውን ለተወካይዎ ይላኩ። ሾፌሮቹ ተሰባስባችሁ የተዘጋባችሁበትን ቀንና የተሰጣችሁን ምክንያት በአንድ ወረቀት ብታዘጋጁ ጥሩ ነው፤ አንድ ተወካይ ረቂቅ ለማቅረብ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ማስረጃ ነው። ይህ ደግሞ ከጃንዋሪ በፊት፣ በመኸር ወራት መሠራት አለበት።

ታዛቢ፦ የማንወደው ሕግ ከጸደቀስ? አለቀ ማለት ነው?

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ ይህ ይሻላል። ሜሪላንድ ውስጥ ሕዝብ ፊርማ አሰባስቦ የጸደቀን ሕግ ወደ ሕዝበ ውሳኔ ማቅረብ ይችላል። የራሱን አዲስ ሕግ ግን በፊርማ ማቅረብ አይችልም። ሰነድ የሌላቸው ተማሪዎች በግዛቱ ነዋሪ ክፍያ ኮሌጅ እንዲማሩ የሚፈቅደው የ2011 ሕግ በተቃዋሚዎች ፊርማ ተይዞ ነበር፤ በኖቬምበር 2012 መራጩ ራሱ አጸደቀው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ዛሬ ጠዋት ለሴናተራችን ቢሮ ደወልኩ። ያነሳችው ረዳቷ ናት። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ዘጋሁት።

አናፖሊስ ተመላላሽ፦ ደግመው ይደውሉ እህቴ። ረዳቷን አይናቁ፤ ስንት ሰው ስለ ምን እንደደወለ የምትመዘግበው እሷ ናት። ስምዎንና ሰፈርዎን ይንገሯት፣ የረቂቁን ቁጥር ይጥሩ፣ "ሴናተሩ በዚህ ላይ ምን አቋም አላቸው?" ብለው ይጠይቁ። "አላውቅም" ካለች "መልሱን በኢሜይል ላኪልኝ" ብለው አድራሻዎን ይስጧት። በሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ በድጋሚ ይደውሉ። ከማርች ሦስተኛው ሳምንት በፊት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ከአንዱ ምክር ቤት ወደ ሌላው ያልተሻገረ ረቂቅ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው።