ስለ አንድ ማዮማ ለወጣት ሐኪሞች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሐዋሳ ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን አንዲት ሬዚደንት ማይክሮስኮፕ ላይ እንዳቀረቀረች፣ «ዶክተር፣ ማዮማ ውስጥ የሞተ ሕዋስ ካየሁ ካንሰር ልጠርጥር?» ብላ ጠየቀችኝ። ማዮማ ከማሕፀን ጡንቻ የሚበቅል፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። ጥያቄዋ ለዓመታት ከልቤ ያልወጣ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ።

ጀማሪ ሳለሁ ብርቱካን የሚያህል ማዮማ ገና ማቆያው ፈሳሽ ፎርማሊን ሳይነካው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ደረሰኝ። ማዮማ ሲቆረጥ አብዛኛውን ጊዜ ነጭና ጠንካራ ነው፤ ይኸኛው ግን እንደ ጥሬ ሥጋ ቀልቶ ለስልሷል፣ ሽታውም የአሞራ ገደልን የዓሣ ገበያ ያስታውስ ነበር። ስስ ቁራጩን የያዘውን ስላይድ በማይክሮስኮፕ ሳየው የመካከለኛው ክፍል ሕዋሳት ኒውክለሳቸው ጠፍቶ ቅርጻቸው ብቻ እንደ ጥላ ቀርቷል፣ በመካከላቸውም ደም ፈስሷል፤ ጠርዙ ላይ ያሉት ሕያዋን ሕዋሳት ደግሞ ይከፋፈላሉ። ሞትና መከፋፈልን ጎን ለጎን ሳይ ደነገጥሁና «ካንሰር ያጠራጥራል» ብዬ ጻፍሁ።

ሴትዮዋ ከወለደች ሁለት ወር እንዳልሞላት የምርመራ መጠየቂያው ወረቀት አይገልጽም ነበር፤ እኔም ደውዬ አልጠየቅሁም። ባለቤቷ ከጥማድ በሬዎቹ አንዱን ሸጦ አዲስ አበባ ወሰዳት። እዚያ ስላይዱን ደግመው ያዩት አንጋፋ ሐኪም፣ «በሙቱና በሕያው መካከል ያለውን ቀበቶ አላየኸውም?» አሉኝ። በእርግዝናና በወሊድ ሰሞን የማዮማው ደም ሥሮች በረጋ ደም ሲዘጉ ቀይ መበላሸት የምንለው ይከሰታል፤ የሞተውን ክፍል ጠባሳ የሚሆን ሕብረ ሕዋስ ይከበዋል፣ በአቅራቢያው ያሉት ሕዋሳትም ለጊዜው መከፋፈል ያበዛሉ፣ ኒውክለሳቸው ግን እርስ በርሱ ይመሳሰላል። የጡንቻው ካንሰር በሆነው በሳርኮማ ግን ሙቱ ከሕያው ጋር ያለ ቀበቶ በድንገት ይገጣጠማል፣ ኒውክለሶቹም መጠናቸውና ቅርጻቸው የተዛባ ነው። ቀበቶው በስላይዴ ላይ በግልጽ ነበር፤ እኔ ግን መካከሉን ብቻ ሳፈጥ አልፌዋለሁ።

በማዮማ ከሚታዩት ሌሎች ለውጦች ከሁሉ የተለመደውን፣ ጡንቻው ሮዝ ብርጭቆ በመሰለ ነገር የሚተካበትን የሃያሊን ለውጥና ካረጡ በኋላ የሚታየውን የካልሲየም ክምችት ከመጽሐፍ ታገኙታላችሁ። የዛሬ ወጣቶች ስላይዱን በስልክ አንሥታችሁ ለጓደኛ ስትልኩ ጥድፊያችሁ ያሳስበኛል፤ ሆኖም እኔም ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ስልክ ቢኖረኝ ኖሮ ሴትዮዋ ያን መንገድ ባልሄደች ነበር።

ከአዲስ አበባ ስትመለስ ሕፃኑን አዝላ ወደ ክፍሌ መጣች። ይቅርታ ስጠይቃት አልተቆጣችም። «እሞታለሁ ብዬ፣ እንዲለምድ ጡት አስጥዬው ነበር» አለችኝ።