የቆመውን ድልድይ ለምን በፈንጂ አፈረሱት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍል። የምኖረው ጣልያን ጄኖቫ ነው፣ አንዲት አሮጊት ሴትዮ እየተንከባከብኩ ነው የምሰራው። ሴትዮዋ እዚሁ ከተማ ከፊሉ የወደቀው የሞራንዲ ድልድይ ነገር በተነሳ ቁጥር "የወደቀው ወደቀ፣ ቀጥ ብሎ የቆመውን ማፍረስ ምን ይሉታል፣ ጠግነው አይጠቀሙበትም ነበር?" ይሉኛል። እውነት ኮንክሪት በ50 ዓመት ያረጃል እንዴ? እኔም ወደ ስራ ስሄድ የምሻገረው አሮጌ ድልድይ ነው፣ ሰሞኑን ደግሞ ለከባድ መኪና ዘግተውታል፣ መጥፎ ምልክት ነው? ልቤ አልረጋ አለ።

መልስ፦ እህታችን፣ የሴትዮዋ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፣ እኔ ግን ማፍረሳቸው ልክ ነበር ነው የምለው። ኮንክሪት ጭነት ከላይ ሲጫነው ነው ጎበዝ፣ ግራና ቀኝ ሲስቡት ግን ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ስቦ የሚይዘው ውስጡ ያለው ብረት ነው። ያ ድልድይ ደግሞ ከላይ ስበው በሚይዙት ነገሮች ነበር የቆመው። 90 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላቸው ማማዎች ጫፍ ወደ መንገዱ የሚወርዱ ወፋፍራም ዘንጎች ነበሩት፣ ለአንድ ማማ አራት ብቻ! ዛሬ በሚሰሩት ላይ ብዙ ኬብል ነው የምታዪው፣ አንዱ ቢበጠስ ሌሎቹ ይሸከሙታል፣ እዚህ ግን አንዱ ከሄደ አለቀ። ድልድዩን የነደፈው ኢንጂነር ሪካርዶ ሞራንዲ ዘንጎቹ ውስጥ ያሉትን የብረት ኬብሎች በኮንክሪት አልብሷቸው ነበር፣ ከዝገት ይጠብቃል ብሎ ነው፣ ግን የባህሩ ጨውና የፋብሪካው ጭስ ኮንክሪቱን አልፎ ገባ፣ ልብሱም ከመጠበቅ ይልቅ ዝገቱን ከሰው ዓይን የሚሸሽግ ሆነ። ራሱ ሞራንዲ በፈረንጆቹ 1979 ስለ ዝገቱ ጽፎ አስጠንቅቋል። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ለ11ኛው ማማ (ሦስቱ ማማዎች 9ኛ፣ 10ኛና 11ኛ ነበር የሚባሉት) ከውጭ አዲስ ኬብል ተጨመረለት፣ 9ኛው ግን እንዳለ ተተወ። ኦገስት 14 ቀን 2018 ከረፋዱ 5፡36 ላይ ዝናብ እየጣለ የወደቀው ያው 9ኛው ነው፣ 43 ሰው አለቀ። ፍርድ ቤት የመደባቸው ባለሙያዎች ፍርስራሹን ሲመረምሩ ማማው ጫፍ አካባቢ የነበረውን ኬብል ዝገት ክፉኛ በልቶት አገኙት። የማጠናከሪያው ፕሮጀክት እኮ በዚያው ዓመት ጸድቆ ስራው ሊጀመር ነበር፣ ይሄን ሳስብ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ 10ኛውና 11ኛው ቆመው ቢታዩም ያው የዛ ዘመን ልጆች ናቸው፣ ውስጣቸው ምን እንዳለ ከውጭ አይታይም፣ ከስራቸው ደግሞ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ነበሩ። በምዕራብ በኩል ያለውን ቀስ እያሉ ነው ያወረዱት፣ በፌብሩዋሪ 2019 36 ሜትር የሚረዝም ቁራጭ በብረት ገመድ አስረው መሬት አስቀምጠውታል። ሁለቱን ማማዎች ግን እንደዛ ልፍታ ብትይ አደጋው የሚሰራው ሰው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ኬብሎቹ ተወጥረው ግራና ቀኙን ሚዛን ጠብቀው ነው የያዙት፣ አንዱን ቆርጠሽ ሌላውን ስትተዪ ሚዛኑ ይናጋል፣ ሰራተኛው ደግሞ እዛው ላይ ነው ያለው። ጁን 28 ቀን 2019 በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አስወጥተው በፈንጂ ጣሉት፣ 10 ሰከንድ እንኳን አልፈጀም። አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ይኖራል ተብሎ ስለተሰጋ አቧራውን ለማፈን ብዙ ውሃ አዘጋጅተው አብረው ነው ያፈነዱት፣ ይሄን ጥንቃቄ ለሴትዮዋ ንገሪልኝ፣ ዝም ብሎ ማውደም አልነበረም።

ኮንክሪት ያረጃል ወይ ላልሽው፣ ዋናው የሚያረጀው ውስጡ ያለው ብረት ነው። ጀርመን ድሬስደን ያለው የካሮላ ድልድይ በሴፕቴምበር 2024 አንዱ ክፍሉ ወንዝ ውስጥ የገባው ውስጡ ያለው የተወጠረ ብረት ተሰንጥቆ ነው፣ ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም እግዚአብሔር ይመስገን።

አንቺ በየቀኑ ስትሻገሪ ልታዪ የምትችዪው ነገር አለ፦ ከስር ቡናማ ዝገት የቀላቀለ ውሃ ሲንጠባጠብ፣ ኮንክሪቱ ተላጦ ፌሮው ሲታይ፣ መኪና መጋጠሚያው ላይ ሲያልፍ ከድሮው የተለየ ድምፅ ሲሰማ ፎቶና ቪዲዮ አንሺና ቀኑን ጽፈሽ ለማዘጋጃ ቤቱ ላኪ፣ የላክሽበትንም ያዢ። ያ ሁሉ ባይታይ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ያንን የሚያውቀው በመሳሪያ የሚመረምር ባለሙያ ነው። ለከባድ መኪና መዘጋቱ ደግሞ አያስደንግጥሽ፣ እኔ እንደውም ደስ ይለኛል፣ የሆነ ሰው አይቶታል፣ ሸክሙንም ቀንሶለታል ማለት ነው። ይልቅ ምርመራው መቼ እንደሚያልቅ ጠይቂያቸው።