ፊልሙ ሲቀር ሒሳቡም አብሮ ይቀራል?

ከጎንደር ከደረሱን ጥያቄዎች በገንዘብ እጥረት ተቋርጠው የቀሩ ፊልሞችን የሚመለከቱትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ የድምፅ ባለሙያ ነኝ። በቀን 1,200 ብር ተስማምቼ ለአንድ ፊልም 14 ቀን ቡም (ማይክ የሚታሰርበትን ረጅም ዘንግ) ይዣለሁ። የተከፈለኝ 5,000 ብር ብቻ ነው። ቀረጻው ግማሽ ላይ ቆመ። ፕሮዲውሰሩ በደወልኩ ቁጥር «ፊልሙ ሲሸጥ ትወስዳለህ፤ ቤተሰብ አይደለን?» ይለኛል። የጽሑፍ ውል የለንም። አሁን አራተኛ ወሩን ይዟል። (ከማራኪ)

መልስ፦ የሚቀርዎት 11,800 ብር ነው። የፊልሙ መውጣትና መቅረት ከዚህ ሒሳብ ጋር የሚገናኘው ገና ሲጀምሩ «የምከፈለው ከሽያጩ ነው» ብለው ከተስማሙ ብቻ ነው። በቀን ሒሳብ የተቀጠረ ሰው ፊልሙ ቢያተርፍ ትርፉን አይካፈልም፤ ሲከስርም ኪሳራውን የሚካፈልበት ምክንያት የለም።

አስቀድመው ማየት ያለብዎት ቀኑን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ስላለፈ በክስ ማስከፈል አይቻልም። «ሲሸጥ ትወስዳለህ» የሚለው ቃል ብዙውን ባለሙያ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ እየታገሠ ሳለ ጊዜው ያልፍበታል። በስልክ «እሺ፣ እከፍልሃለሁ» መባሉ ይርጋውን አያቋርጠውም። የሚያቋርጠው ለሚመለከተው አካል የቀረበ ክስ ወይም ባለዕዳው ዕዳ እንዳለበት በጽሑፍ ማመኑ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ በቴሌግራም ወይም በአጭር የስልክ መልእክት የሠሩባቸውን ቀኖች ጠቅሰው እንዲህ ይጻፉለት፦ «ለ14 ቀን በ1,200 ብር ሠርቻለሁ፤ 5,000 ተቀብያለሁ፤ 11,800 ይቀረኛል። መቼ ትከፍለኛለህ?» «እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሠኝ» ብሎ ከመለሰ ዕዳውን አልካደም ማለት ነው። ወረቀት ላይ ቢፈርምልዎት ግን ይበልጣል።

የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፤ አስቸጋሪው ማስረዳቱ ነው። የተቀበሉት 5,000 ብር በቴሌብር ወይም በባንክ ከገባ ደረሰኙን ያውጡ፤ የላኪው ስም የማን እንደሆነም ይመልከቱ። ዳይሬክተሩ ከራሱ ስልክ ከላከ ፕሮዲውሰሩ «እኔ አልቀጠርኩትም» ማለቱ አይቀርም፤ እንዲህ ሲሆን ሁለቱንም መክሰስ ያዋጣል። የየቀኑን ኮል ሺት (የዕለቱ የቀረጻ ፕሮግራም የተጻፈበትን ወረቀት)፣ የቴሌግራም ግሩፑን መልእክቶችና የቀረጿቸውን የድምፅ ፋይሎች ያስቀምጡ። የመቅጃው ሰዓት ሳይስተካከል ቀርቶ የፋይሉ ቀን የተሳሳተ ከሆነ ክላፐሩ (ቀረጻ ሲጀመር የሚመታው ሰሌዳ) ሲመታ የሚጠራው የሲንና የቴክ፣ ማለትም የትዕይንቱና የድግግሞሹ ቁጥር ከኮል ሺቱ ጋር ተዛምዶ ቀኑን ያሳያል። ፋሲል ግቢ ወይም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላይ ቀርጻችሁ ከሆነም ፈቃድ የተጠየቀበት ደብዳቤ የአመልካቹን ስም ይዟል። አብረዋችሁ የሠሩት ልጆች ይመስክሩልዎት፤ ገንዘብ ያልቀረበት ሰው ከመሃላቸው ቢገኝ ደግሞ ቃሉ የበለጠ ይታመናል።

ክሱ የሚቀርበው ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ለሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ሆኖም የራስዎን መቅጃና ማይክ ይዘው፣ በራስዎ ንግድ ፈቃድ የሠሩ ከሆነ «ሠራተኛ ሳይሆን ተቋራጭ ነው» የሚል መቃወሚያ ይነሳብዎታል። ችሎቱ ይህን ተቀብሎ መዝገቡን ቢዘጋው ተስፋ አይቁረጡ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የውል ጥያቄ ይርጋ 10 ዓመት ነውና በተራ የፍትሐ ብሔር ክስ መመለስ ይችላሉ። ጠበቃ ማቆም ካልቻሉ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ፖሊስ ጣቢያ መመላለሱ ግን ጊዜ ማባከን ነው። ለክፍያ የተሰጠዎት ቼክ ስንቅ የሌለው ሆኖ ከተመለሰ ብቻ ነገሩ በወንጀልም ያስጠይቃል።

ጥያቄ፦ የጻፍኩት ስክሪፕት ተቀርጾ ፊልሙ ሳያልቅ ቆመ። ከዓመት በኋላ የተቀረጸው በአጭር ድራማ መልክ ዩቲዩብ ላይ ወጣ። «ደራሲ» ተብሎ የተጻፈው የዳይሬክተሩ ስም ነው። «ስክሪፕቱን ገዝቼዋለሁ፤ ደግሞም አሻሽዬዋለሁ» ይላል። (ከአራዳ)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ መብቶች ተቀላቅለውበታል። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የገንዘብ ጥቅሙ ሊተላለፍ ይችላል፤ ማስተላለፉ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት። «ገዝቼዋለሁ» ካለ የፈረሙበትን ወረቀት ያሳይ። በደራሲነት መታወቅ ደግሞ የሞራል መብት ስለሆነ ስክሪፕቱን ቢሸጡትም ከእርስዎ ጋር ይቆያል።

«አሻሽዬዋለሁ» ለሚለው የራስዎን ረቂቅና የወጣውን ድራማ ሲን በሲን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ አንድ ዓይነት የሆነ ንግግር ካለ ቃል በቃል ይገልብጡት። ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ የለውም፤ «ስለ ጥምቀት የሚል ሐሳብ ነበረኝ» ብሎ መከራከር የትም አያደርስም። ረቂቁን ለዳይሬክተሩ የላኩበት ኢሜይል ወይም የቴሌግራም መልእክት ከነቀኑ ካለ ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ነው። በእርግጥ የጨመረው ነገር ካለ «ድርሰት» ላይ ሁለታችሁም እንድትጻፉ መስማማት ከረጅም ክርክር ይሻላል ባዮች ነን።

በመጀመሪያ ስሙ በ7 ቀን ውስጥ በቪዲዮው መግለጫና በፖስተሩ ላይ እንዲስተካከል በጽሑፍ ይጠይቁ። ዩቲዩብ ላይ የወጣ ቪዲዮ ውስጥ የተጻፈን ስም ለመቀየር ቪዲዮውን እንደገና መጫን ግድ ይላል፤ የታየበት ቁጥርም ከዜሮ ይጀምራል። ባለቤቱ እምቢ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው፤ መግለጫውን ግን በደቂቃ ያስተካክለዋል። ቪዲዮው እንዲወርድ ለዩቲዩብ ማመልከት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። እሱ መቃወሚያ ካቀረበ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድዎን ካላሳዩ ቪዲዮው ይመለሳል። ይህ መንገድ የሥራው መብት ላለው ሰው እንጂ ስሙ ለተዘለለ የመብራት ወይም የሜካፕ ባለሙያ አይሆንም፤ የእነሱ መከራከሪያ ውላቸው ነው።

ጥያቄ፦ ኤዲተር ነኝ። ከ40,000 ብር 15,000 ብር ተቀብዬ የመጀመሪያውን ቅንብር ጨርሻለሁ። ሃርድ ዲስኩ እኔ ጋ ነው። እስኪከፍለኝ አልሰጥም ብል ያስከስሰኛል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ዲስኩ የማን ነው? የእሱ ከሆነ ዲስኩንና ጥሬ ቀረጻውን ይመልሱ፤ ይዘው ከቆዩ በእምነት ማጉደል ሊያመለክትብዎት ይችላል። ሲመልሱ የዲስኩን መለያ ቁጥር፣ የፋይሎቹን ብዛትና መጠን በመረከቢያ ወረቀት ላይ ጽፈው ያስፈርሙት። ዲስኩ ከእጅዎ ከወጣ በኋላ ወድቆ ቢበላሽ እንኳ ጣት ወደ እርስዎ አይቀሰርም። የፕሮጀክት ፋይሉ (ቅንብሩን የሠሩበት የኮምፒውተር ፋይል) እና ንጹሑ ቅንብር ግን ገና ያልተከፈለበት የእርስዎ ሥራ ነው፤ አንዱ ወገን ግዴታውን ሳይፈጽም ሌላውን ፈጽም ማለት እንደማይችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1757 ይደግፍዎታል። መሥራትዎን እንዲያይ ዝቅተኛ ጥራት ያለው፣ መሃሉ ላይ ጽሑፍ ያረፈበት ቅጂ ይላኩለት። ተናደው አንድም ፋይል እንዳያጠፉ፤ ያኔ ከሳሽነቱ ቀርቶ ካሣ ከፋይ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኛሞች 30,000 ብር እያዋጣን ጀመርን። ብሩ አለቀ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው አንዱ ባለድርሻ አሁን የትወና ክፍያ ይጠይቃል። የተቀረጸውን ሊገዛን የመጣ ሰውም አለ። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ትርፍና ኪሳራ ልትካፈሉ አዋጥታችሁ ከሆነ እሱም ሸሪክ ነው፤ ለትወናው ለብቻው ይከፈለዋል የሚል ስምምነት እንደነበር የማስረዳቱ ሸክም የራሱ ነው። ከሽያጩ ገንዘብ አስቀድሞ የቀጠራችኋቸው ሰዎች ዕዳ ይከፈል፤ የተረፈውን እንደ መዋጯችሁ ተካፈሉ። ገዢው ፊልሙን ሲያወጣ የሠራተኞቹ ስም እንዳይዘለል የሁሉንም ስምና የሥራ ድርሻ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ ፊደሉን ባለስሞቹ ራሳቸው አይተውት፣ ከሽያጭ ውሉ ጋር አባሪ አድርጉትና ገዢው እዚያው ገጽ ላይ ይፈርም።