የጋዝ ቆጣሪ ንባብን ወደ ኪሎዋት ሰዓት መለወጥ፦ ለሥራ ፈተና ምን ልዘጋጅ?

ውድ ጠያቂያችን፣

አዲስ አበባ በኬሚካል ምሕንድስና ተመርቀው ለንደን ከገቡ በኋላ፣ በአንድ ጋዝ አቅራቢ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ሲፈተኑ የ100 ሜትር ኩብ ፍጆታን በ11 አባዝተው ወደ ኪሎዋት ሰዓት እንደለወጡና እንዳልተሳካልዎት ጽፈውልናል። ለሁለተኛው ፈተና ምን ላጥና ሲሉም ጠይቀዋል።

መልስዎ ከትክክለኛው ብዙ አልራቀም፤ ፈታኙ ማየት የፈለገው ግን 11 ከየት እንደመጣ ማወቅዎን ይመስለኛል። ቆጣሪው የሚመዘግበው ያለፈውን ጋዝ ይዘት ሲሆን ደንበኛው የሚከፍለው ለሚያገኘው ሙቀት ነው። ይዘት በሙቀትና በግፊት ስለሚለዋወጥ፣ በብሪታንያ የመኖሪያ ቤት ንባብ አስቀድሞ በ1.02264 ይባዛል፤ ይህም ጋዙ 12.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቤቱም ከባሕር ወለል 66 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሆነ ተቆጥሮ የወጣ ማባዣ ነው። ከዚያ ውጤቱ አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ ሲነድ በሚሰጠው ሙቀት (ሜጋጁል በተባለው የኃይል መለኪያ) ይባዛል፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.6 ሜጋጁል ስለሆነም ለ3.6 ይካፈላል። የጋዙ ሙቀት 39.5 ሜጋጁል ከሆነ የእርስዎ 100 ሜትር ኩብ 1,122 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። 39.5 ግን ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ በጋዙ ውስጥ ኤቴንና ፕሮፔን ሲበዙ ከፍ ይላል፣ ናይትሮጂን ሲበዛ ዝቅ ይላል።

ማባዣውንም ሸምድደው ብቻ አይሂዱ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በዚያ ዝቅተኛ የአየር ግፊት አንድ ሜትር ኩብ የሚይዘው ጋዝ ከለንደኑ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል። ይህን በራስዎ አስልተው ማስረዳት ከቻሉ ትምህርትዎ ለሥራው ያለውን ጥቅም በግልጽ ያሳያሉ።

በተለይ አደራ የምልዎት የአሮጌዎቹን ቆጣሪዎች ጉዳይ ነው። እነዚህ የሚቆጥሩት በመቶ ኪዩቢክ ፊት ስለሆነ ንባባቸው መጀመሪያ በ2.83 ተባዝቶ ወደ ሜትር ኩብ ይለወጣል። በሜትር ኩብ የሚቆጥር ቆጣሪ በስሕተት እንደ አሮጌው ከተመዘገበ፣ ቤተሰቡ ከተጠቀመበት ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሒሳብ ይመጣበታል፤ ሠራተኛው ካላስተዋለም ስሕተቱ በየወሩ ይቀጥላል። ስለዚህ ፈተናው ላይ ስሌት ከመጀመርዎ በፊት የቆጣሪው መለኪያ ምን እንደሆነ ይጠይቁ።

እስከዚያው የቤትዎን የጋዝ ቢል ይውሰዱና ሁለቱን ንባቦች እንዲሁም አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ የሚሰጠውን ሙቀት በሜጋጁል ከላዩ አንብበው፣ የተጠየቁበትን ኪሎዋት ሰዓት በእጅዎ ያስሉ።