አእምሮ «ኳንተም» ነው ወይ? ከኤምአርአይ ክፍል አንድ መልስ

ቱሉ ዲምቱ በተሰጠ ሥልጠና ላይ «አእምሮ ኳንተም ነው፤ አጥብቀው ያሰቡት ነገር በኳንተም ሕግ ወደ እርስዎ ይመጣል» እንደተባላችሁ፣ ይህ በእርግጥ የፊዚክስ ትምህርት መሆኑን ማወቅ እንደፈለጉ ጽፈዋል። (ኳንተም ማለት አቶምና ከዚያም ያነሱ ነገሮች የሚመሩበት የፊዚክስ ሕግ ነው።) ልጅዎም ስለ አእምሮ ለማወቅ ፊዚክስ ልማር ወይስ ሳይኮሎጂ እያለ ነው ብለዋል። እኔም የዚያው ሰፈር ሰው ነኝ፣ ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። ሥራዬ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሚያሳይ ምርመራ) ማንሳት ስለሆነ ጥያቄው በየቀኑ ከምነካው ነገር ጋር ይገናኛል። ፊዚክስ ስለ አእምሮ ብዙ የሚለው አለው። አሠልጣኙ ያሉትን ግን አይልም።

ከማሽኑ ልጀምር። የማግኔቱ ጥንካሬ 1.5 ቴስላ ነው (ቴስላ የማግኔት መለኪያ ነው)፤ ምድር ካላት የማግኔት መስክ ከ30 ሺህ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ለዚህ ነው የአንገት መስቀል፣ ስልክ፣ የጸጉር ሽቦ ሁሉ ውጭ የሚቀረው። (የክር ማተብ ችግር የለውም፤ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው።) በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አስኳል ስፒን የሚባል፣ እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው የኳንተም ባሕርይ አለው። ማግኔቱ ውስጥ ሲገቡ ከአንድ ሚሊዮኑ አምስት ያህሉ ብቻ በትርፍነት ወደ መስኩ ያደላሉ። እነዚያን ጥቂቶች 64 ሜጋኸርትዝ ገደማ በሆነ የሬዲዮ ሞገድ እናዞራቸዋለን፤ ሲመለሱ የሚሰጡት ደካማ ምልክት ነው ሥዕል የሚሆነው። በአእምሮ ጉዳይ ላይ ኳንተም ፊዚክስ ያደረገው ትልቁ አስተዋጽኦ ይሄ ይመስለኛል፤ ሥልጠና ላይ ግን ሲነሳ አይሰማም።

ሰዎች ማሽኑ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የማስበው ይታያል እንዴ?» ይሉኛል። አይታይም። እኛ የምናነሳው ቅርጹን ነው፤ ዕጢ፣ ደም መፍሰስ፣ የተጎዳ ቦታ። የአንጎልን ሥራ የሚከታተል ሌላ ዓይነት ኤምአርአይ አለ፤ መሠረቱን ሴይጂ ኦጋዋ በ1990 ነው ያሳየው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ኦክስጅኑን የለቀቀ ደም በማግኔት ውስጥ ያለው ጠባይ ኦክስጅን ከያዘው ስለሚለይ፣ የሠራ የአንጎል ክፍል ተጨማሪ ደም ሲስብ ይታወቃል። ግን ደሙ የሚደርሰው ሰከንዶች ዘግይቶ ነው። ከጎረቤት ኩሽና ጭስ ሲወጣ እሳት መለኮሱን ያውቃሉ፤ ወጡ ሽሮ ይሁን ዶሮ ጭሱ አይነግርዎትም። ስሌቱ ላይ ካልተጠነቀቁ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ2009 ተመራማሪዎች የሞተ ሳልሞን ዓሣ ማሽን ውስጥ አስገብተው የሰዎችን ፎቶ «አሳዩት»፤ ያልታረመው ስሌት የዓሣው አንጎል «ሲሠራ» አሳየ። ሆን ብለው ነው ያደረጉት፣ ሌሎች እንዲጠነቀቁ።

የኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል ላይ የሚመዘግብ ምርመራ) ታሪክ ደግሞ ለእርስዎ ጥያቄ የተጻፈ ይመስላል። ሃንስ በርገር የተባለው ጀርመናዊ ወጣት ሳለ ወታደራዊ ልምምድ ላይ ከፈረስ ወድቆ ለጥቂት ከሞት ይተርፋል። በዚያው ቀን እህቱ አደጋ ላይ ነው የሚል ስሜት አድሮባት ኖሮ ከአባቱ ቴሌግራም ይደርሰዋል። ሐሳብ ከአንጎል ወጥቶ ይጓዛል ብሎ አመነ፤ ሐኪም ሆኖም ያንን ኃይል ፈለገ። በ1924 ከሰው ጭንቅላት ላይ የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመመዝገብ በቃ፣ በ1929 አሳተመው። ሐሳብ ሲጓዝ አላገኘም። ያገኘው ዛሬ የሚጥል በሽታ የሚመረመርበትን መሣሪያ ነው። ለምኞቱ ብሎ መለኪያውን አላጣመመም፤ ከአሠልጣኙ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

የነርቭ ምልክት ራሱ እንዴት እንደሚሄድ በ1952 ሆጅኪን እና ሃክስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ስኩዊድ በሚባል የባሕር እንስሳ ነርቭ ላይ አስልተውታል። ሶዲየምና ፖታሲየም በሴሉ ሽፋን ገቡ ወጡ ማለት ነው፤ ለዚህ ተራ የኤሌክትሪክ ሕግ ይበቃል።

ታዲያ «ኳንተም አእምሮ» ከየት መጣ? በቁም ነገር ያነሱት ትልቅ ሰው የፊዚክስና የሒሳብ ሊቁ ሮጀር ፔንሮዝ ናቸው፤ በ2020 በጥቁር ጉድጓድ ሥራቸው ኖቤል የተሸለሙት። ከሐኪሙ ስቱዋርት ሃመሮፍ ጋር ሆነው ንቃተ ሕሊና በነርቭ ሴል ውስጥ ባሉ ማይክሮቱቡል በሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ከሚካሄድ የኳንተም ሂደት ይመነጫል የሚል መላምት አቀረቡ። በ2000 የፊዚክስ ሰው ማክስ ቴግማርክ አሰላው፦ እንደ አንጎል ሞቃትና እርጥብ በሆነ ቦታ እንዲህ ያለ የኳንተም ሁኔታ፣ አንድ ሰከንድ ለአሥር ትሪሊዮን ቢከፈል ከአንዱ ክፋይ በላይ አይቆይም፤ ነርቭ ደግሞ በሺህኛ ሰከንድ ነው የሚሠራው። ክርክሩ አላለቀም፣ እኔ ግን ወደ ቴግማርክ አደላለሁ። ፔንሮዝም ቢሆኑ «ያሰብከው ቤት ይመጣልሃል» አላሉም። በኳንተም ፊዚክስ «ተመልካች ነገሩን ይለውጠዋል» የሚባለውም ሰው ማየቱን አይጠይቅም፤ ባዶ ክፍል ውስጥ የተተወ መሣሪያም ቢለካ ያው ነው።

የሚያስደስተኝ ሌላው መንገድ ነው። በ1982 የፊዚክስ ሰው ጆን ሆፕፊልድ የማግኔት ስፒኖች እርስ በርስ የሚሳሳቡበትን ሒሳብ ወስዶ ለትውስታ አዋለው፦ የተጎረደ መረጃ ሲሰጡት እንደ ነርቮች እርስ በርሱ የተያያዘው የሒሳብ መረብ ዝቅተኛ ኃይል ወዳለበት ሁኔታ እየወረደ ሙሉውን ያወጣዋል። የታክሲ ረዳቱ ግማሹን ውጦ «...ዲምቱ!» ሲል ሁላችንም የት እንደሚሄድ የምናውቀው ዓይነት ትውስታ ማለቴ ነው። ለዚህ ሥራ በ2024 ከኮምፒውተር ሳይንስ ሰው ጄፍሪ ሂንተን ጋር የፊዚክስ ኖቤል ወሰደ። 86 ቢሊዮን ገደማ ነርቭ በ20 ዋት ኃይል እንዴት ተባብሮ እንደሚሠራ ለመረዳት የሚያግዘን እንዲህ ያለው የብዙ ነገሮች ፊዚክስ ነው እላለሁ። ሕመም ለምን *ያማል*፣ ቀይ ለምን ቀይ ሆኖ ይሰማናል የሚለውን ግን ይህም አልፈታውም።

ልጅዎ ሒሳብ የማይፈራ ከሆነ በፊዚክስ ይጀምር፤ ፕሮባቢሊቲና ሊኒየር አልጀብራ ላይ ይበርታ፣ ጎን ለጎን የአንጎል ባዮሎጂ ያንብብ። ከዚያ ወደ አንጎል ምርምር መሻገር ከሳይኮሎጂ ተነስቶ ሒሳቡን ኋላ ከመማር ይቀላል። የሰውን ጭንቀትና ጠባይ ቀርቦ መርዳት ከሆነ የሚስበው ግን ሳይኮሎጂው ይሻለዋል። ለሚቀጥለው ዙር ሥልጠና ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ አሠልጣኙን «የሚሉት ስሕተት ቢሆን በምን መለኪያ እናውቃለን?» ብለው ይጠይቋቸው፤ መልስ ከሰጡ እዚህ ይጻፉልን።