ማመልከቻው ድራፍት ውስጥ ቀረ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት በሂሳብ ክፍል 7 ዓመት ሠርቻለሁ። በቅርቡ የክፍል ኃላፊነት ቦታ ክፍት ሆኖ የውስጥ ማስታወቂያ ወጣ። ከ10 መስፈርቶች 8ቱን አሟላለሁ። ማመልከቻውን ሌሊት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ጠዋት ሳነበው አስጠላኝ። ላስተካክለው ብዬ ድራፍት ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ቀኑ አለፈ። እንዲህ ሳደርግ ሦስተኛዬ ነው። አሁን ቦታውን የያዘው ልጅ ከሌላ ክፍል የመጣ ነው፤ ሥራውን የማሳየው እኔ ነኝ። ምናልባት ሰነፍ ነኝ፣ ምናልባትም ዕድሌ ነው፣ ምናልባት ደግሞ ለቦታው አልመጥን ይሆናል። ምን ይመስልዎታል?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ እህቴ፣ ሰነፍ ሰው ሌሊት ቁጭ ብሎ ማመልከቻ አይጽፍም። እሱን እንተወው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። "8ቱን አሟላለሁ" ብለሽ እንደ ዋዛ አለፍሽው። ለመሆኑ ልጁ ስንቱን እንደሚያሟላ ታውቂያለሽ? አልጻፍሽልኝም። እሱ ግን አመለከተ። ደግሞስ ሥራውን የምታሳዪው አንቺ ከሆንሽ፣ "አልመጥንም" የሚለው ነገር ከየት መጣ? ከሥራሽማ አልመጣም።

የእንዲህ ዓይነቱ ሐሳብ ክፋቱ ጨዋ መስሎ መምጣቱ ነው። "ትንሽ ልዘጋጅ" ይላል። "አሁን እኔ ራሴን ከፍ ከፍ ላደርግ ነው?" ይላል። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እየተባልን ስላደግን ደግሞ ትሕትና ይመስለንና እሺ ብለን እናስገባዋለን።

አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ድብርት ያለባቸውን ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ አንድ ነገር አስተዋለ። ብልጭ ብለው የሚያልፉ አጫጭር ሐሳቦች አሉ። ሰውየው ቆም ብሎ አይመረምራቸውም፤ እውነት ናቸው ብሎ ተቀብሎ መንገዱን ይቀጥላል። የቀረው ስሜቱ ብቻ ነው። አንቺም "አስጠላኝ" ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። ግን በማንበብሽና በማስጠላቱ መካከል አንድ ነገር አልፏል። "ይስቁብኛል" ነው? "ማን ነኝ ብላ ነው ይሉኛል" ነው? ወይስ ያንን ሁለቱን ያላሟላሽውን መስፈርት ብቻ እያየሽ "ወይ ሙሉ ልሁን ወይ ይቅር" ብለሽ? በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ያዢው። እዚያው፣ በራስሽ ቃል፣ ወረቀት ላይ ጻፊው። "ይስቁብኛል" ብለሽ ከጻፍሽ በኋላ ሥሩ "ማን?" ብለሽ ጻፊ። እኔ ስሞክረው ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስም አጥቻለሁ።

አሁን ወደ ማዘግየቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው እሱ ነው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1978 ስቲቨን በርግላስና ኤድዋርድ ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። ከተማሪዎቹ ለተወሰኑት መልስ የሌላቸውን ጥያቄዎች ሰጧቸውና ሲጨርሱ "ጎበዞች፣ በጣም ጥሩ ሠርታችኋል" አሏቸው። ተማሪዎቹ እንዴት እንዳገኙት አያውቁም፣ በግምት ነዋ የመለሱት! ከዚያ ሁለተኛ ፈተና ሊመጣ ሲል ከሁለት መድኃኒት አንዱን ምረጡ ተባሉ፤ አንዱ አእምሮን ያነቃል፣ ሌላው ያደክማል ተብሎ። ብዙዎቹ፣ በተለይ ወንዶቹ፣ የሚያደክመውን መረጡ። ለምን? ቢወድቁ "መድኃኒቱ ነው" ማለት ይቻላላ።

ያንቺ መድኃኒት ቀኑ ነው። "ቀኑ አለፈብኝ" ማለት "አወዳድረውኝ ጣሉኝ" ከማለት በጣም ይቀላል። ቁጭቱ አለ፣ ግን ማንም አልመዘነሽም። ሦስት ጊዜ መሆኑ ነው እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ። አንዴ ቢሆን ረሳሽው እል ነበር።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ትልቅ ስብሰባ እንድመራ ስጠየቅ "ሥራ በዝቶብኛል" ብዬ መለስኩ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምን ስሠራ ዋልኩ መሰለሽ? ጠረጴዛዬን ሳጸዳ። መሳቢያዎቹንም ጭምር።

በነገራችን ላይ እዚያው 1978 ላይ ፖውሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ በትምህርትም በሥራም ስኬታማ ሆነው ሳለ ውስጣቸው "ሰውን አታልዬ ነው እዚህ የደረስኩት፣ አንድ ቀን ይነቃብኛል" ስለሚላቸው ሴቶች ጽፈዋል። ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም።

ግን ሁሉም ፍርሃት ውሸት ነው እያልኩሽ አይደለም። አድልዎ ያለበት መሥሪያ ቤት አለ፤ በሩ እውነትም የተዘጋበት ሰው አለ። ለእሱ "አስተሳሰብህን ቀይር" ማለት ስድብ ነው። አንቺ ግን በሩ ይዘጋ አይዘጋ ገና አላየሽም፣ አላንኳኳሽማ። ደግሞ አንዳንዱ ስጋት ይጠቅማል። እኔ የምለየው በሚያሠራኝ ነገር ነው። "በጀት ላይ ደካማ ነኝ" የሚለው ሐሳብ አስነስቶ የሚያውቅ ሰው ካስጠየቀሽ ይምጣ። "ደካማ ነኝ" ብሎ እዚያው ካስቀመጠሽ፣ ወይም መሳቢያ ካስጸዳሽ፣ ያ ሌላ ነው።

እንግዲህ ቀጣዩን ማስታወቂያ አትጠብቂ። ድራፍት ውስጥ ያለውን ማመልከቻ ዛሬ አውጪው። ሁለት ጊዜ ብቻ አንብቢው፣ በቀን ብርሃን። ሌሊት ሁሉም ነገር ያምራል፣ ጠዋት ሁሉም ነገር ያስጠላል፤ ሁለቱንም አትመኛቸው። ከዚያ ለምታምኛት የሥራ ባልደረባሽ ስጫትና "ማስታወቂያ በወጣ በ2ኛው ቀን ካልላክሁ ጠይቂኝ" በያት። ያላሟላሻቸውን ሁለቱን መስፈርቶችም ሳትደብቂ "እየተማርኩ ነው" ብለሽ ጻፊያቸው፤ በእርግጥም መማር ጀምረሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤሽ ራስጌ ላይ ቀን አለው። ጽፈሽ ከጨረስሽው በኋላ እኛ ጋ እስኪደርስ 3 ሳምንት ፈጅቶበታል።